ማርስን የሣሉ ልጆች

ከለንደን ከተማ መሐል በስተ ምሥራቅ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳርቻ፣ ግሪንዊች በተባለው ሥፍራ ሁለት ተቋማት ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል። አንደኛው ከኮረብታው አናት ላይ የተሠራውና በ1675 የተቋቋመው ንጉሣዊ የከዋክብት ምርምር ጣቢያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛው ደግሞ ከኮረብታው ግርጌ የነበረው፣ የመርከበኞች ልጆች ማንበብን፣ ማስላትንና የባሕር ጉዞን ጥበብ ይማሩበት የነበረው ትምህርት ቤት ነው። ከላይ ያሉት ሊቃውንት ሰማዩን ሲመረምሩ፣ ከታች ያሉት ልጆች ደብተራቸውን ይመረምሩ ነበር። ሁለቱን ወገኖች ያገናኛቸው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የጋለ አንድ የሳይንስ ክርክር ነው። ይህም ክርክር የተፈተነው በታላላቅ መነጽሮች ብቻ ሳይሆን፣ በእርሳስና በወረቀት፣ በልጆች እጅ ጭምር ነው።

የክርክሩን መነሻ ለመረዳት ወደ 1877 መመለስ ያሻል። በዚያ ዓመት ማርስ ወደ መሬት እጅግ ቀርባ ስለ ነበር፣ ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ የተባለው ጣልያናዊ ተመራማሪ ሚላኖ ከተማ በሚገኘው በብሬራ የምርምር ጣቢያ ተቀምጦ የፕላኔቷን ገጽ ሌሊት ከሌሊት ይሥል ጀመር። በዘመኑ የፎቶግራፍ ጥበብ ይህን የመሰለውን ረቂቅ ነገር ለመያዝ ገና አልበቃም ነበርና፣ ፕላኔቶችን የሚመረምር ሰው የግድ ሠዓሊም መሆን ነበረበት። በወረቀት ላይ ክብ ያሠምራል፤ ዓይኑን ከመነጽሩ ላይ ይተክላል፤ የሚርገበገበው አየር ለአንዳፍታ ሲረጋ ብልጭ ብሎ የታየውን ነገር ከመጥፋቱ በፊት በእርሳሱ ሊይዘው ይጣደፋል። ስኪያፓሬሊ በዚህ አኳኋን ባዘጋጀው ካርታ ላይ ጥቋቁሮቹን ሥፍራዎች እርስ በርስ የሚያገናኙ ቀጫጭን መሥመሮች አሰፈረ። ስማቸውንም በገዛ ቋንቋው «ካናሊ» አላቸው።

ከዚህ ላይ አንድ የቃል ጉዳይ ታሪክ ሠራ። በአማርኛ «ፈፋ» ሲባል ጎርፍ የቦረቦረው፣ «ቦይ» ሲባል ግን ሰው በዶማው ያወጣው መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። የጣልያንኛው ቃል ግን ሁለቱንም አጠቃልሎ ይይዛል። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጐም ታዲያ የተመረጠው በሰው እጅ የተቆፈረውን ቦይ የሚያመለክተው ቃል ሆነ። የስዌዝ ቦይ ከተከፈተ ገና ስምንት ዓመቱ ነበርና፣ ቦይ የሚለው ቃል በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ኅሊና ውስጥ የመሐንዲስን ታላቅነት የሚያስታውስ ቃል ነበር። ቦይ ካለ ቆፋሪ አለ፤ ቆፋሪ ካለ በማርስ ላይ አሳቢ ፍጡር አለ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ የእርሳስ መሥመር በአንድ ቃል አማካይነት ሕዝብና ሥልጣኔ ያለው ዓለም ለመውለድ በቃ።

ይህን ዓለም ያጸናው ፐርሲቫል ሎዌል የተባለው አሜሪካዊ ባለጸጋ ነው። ሎዌል በ1894 በአሪዞና ግዛት፣ በፍላግስታፍ ከተማ፣ በገዛ ገንዘቡ የምርምር ጣቢያ አሠራ። እርሱ የሣላት ማርስ ከዳር እስከ ዳር በቀጥተኛ መሥመሮች የተጣለፈች፣ የሸረሪት ድር የመሰለች ናት። ማርስ እየደረቀች የምትሄድ ፕላኔት እንደ ሆነች፣ ነዋሪዎቿም ከዋልታዎቹ በረዶ የሚቀልጠውን ውኃ ወደ በረሃው ለማድረስ እነዚህን ቦዮች እንደ ቆፈሩ በመጻሕፍቱና በንግግሮቹ አስፋፋ። ሎዌል አታላይ አልነበረም። መሣሪያው ጥሩ፣ ትጋቱም የሚደነቅ ነበር። ችግሩ እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት ምን እንደሚያይ ያወቀ መሆኑ ነው።

በግሪንዊች ኮረብታ ላይ የፀሐይን ነጠብጣቦች በመመርመር የታወቀው ኤድዋርድ ዎልተር ሞንደር ግን በነገሩ ይጠራጠር ነበር። ሞንደር አንድ ቀላል ነገር አስተውሏል፤ ይኸውም ለየብቻቸው ሊለዩ የማይችሉ ትንንሽ ነጥቦች በሩቅ ሲታዩ ተያይዘው መሥመር የሚመስሉ መሆናቸው ነው። ታዲያ የማርስ ቦዮች እንዲህ ያሉ የማይለዩ ነጥቦችና ጥላዎች ድምር ቢሆኑስ? ይህን ጥያቄ በቃላት ሙግት ብቻ መፍታት አይቻልም። መነጽር ሥር የተቀመጠው ተመራማሪ ሁሉ ስለ ቦዮቹ አስቀድሞ የሰማ ስለ ሆነ ንጹሕ ምስክር ሊሆን አልቻለም። ያልሰማ ዓይን፣ የሚታዘዝ እጅ፣ የሚከላከለው ሐሳብ የሌለው ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህን የመሰለ ምስክር ደግሞ ከኮረብታው ሥር በዴስኮቹ ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል።

በ1903 ታትሞ የወጣው የሞንደርና የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የኤቫንስ ሙከራ አሠራሩ እጅግ ቀላል ነበር። በክፍሉ ፊት ለፊት አንድ ክብ ሥዕል ይሰቀላል። በክቡ ውስጥ የማርስን ገጽ የሚመስሉ ጠቆር ያሉና ፈካ ያሉ ሥፍራዎች፣ የጥላ ወሰኖች፣ ያለ ሥርዓት የተበተኑ ነጥቦችና የተጠማዘዙ ትንንሽ ጭረቶች አሉ። ቀጥተኛ መሥመር ግን የለም፤ ቦይ የሚባል ነገርም አልተሣለም። ልጆቹ ስለ ማርስ ክርክር ምንም እንዲያውቁ አልተደረገም። የተሰጣቸው ትእዛዝ በአጭሩ የምታዩትን ሣሉ የሚል ነው። ከፊት ያለው ልጅ ቀርቦ፣ ከኋላ ያለውም ርቆ፣ ሁሉም ከተቀመጠበት ቦታ እያየ እርሳሱን አነሣ።

ወረቀቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ሥዕሎቹ እንደ ወንበሮቹ ተለያይተው ተገኙ። ከፊት የተቀመጡት ልጆች ነጥቡን ነጥብ፣ ጭረቱን ጭረት አድርገው ሣሉ። ከኋላ የተቀመጡት ረቂቁ ነገር ፈጽሞ ስላልታያቸው ትላልቆቹን ጥቁር ሥፍራዎች ብቻ አሰፈሩ። በመካከል የተቀመጡት ግን ከጥቁሩ ሥፍራ ወደ ጥቁሩ ሥፍራ የሚዘረጉ ቀጥተኛ መሥመሮችን ሣሉ! ማንም ያልነገራቸውን፣ በፊታቸው በተሰቀለው ሥዕልም ላይ ያልነበረውን ቦይ፣ እነዚያ የመርከበኛ ልጆች ልክ እንደ ስኪያፓሬሊና እንደ ሎዌል አድርገው አወጡት።

የዚህ ውጤት ትርጉም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በዚያ ክፍል ውስጥ የዋሸ ልጅ አልነበረም። የመካከሉ ልጅ ሰነፍ ስለ ሆነ ወይም ከጎረቤቱ ስለ ቀዳ አይደለም መሥመር የሣለው። ዓይን ለመለየት በሚችልበትና በማይችልበት ርቀት ወሰን ላይ በተቀመጠ ጊዜ የጎደለውን ራሱ ይሞላል፤ የተበተነውን ይለቅማል፤ የተሰበረውን ይቀጥላል። ይህ የሰው ልጅ ዓይንና አእምሮ የሚሠሩበት ጠባይ ነው። የፊተኛው ልጅ ከመካከለኛው ልጅ የሚበልጠው በብልህነት ወይም በሐቀኝነት ሳይሆን በወንበሩ ነው። ቦታ ቢለዋወጡ ሥዕላቸውም በተለዋወጠ ነበር።

ሎዌል ሙከራውን «የትንንሽ ልጆች ንድፈ ሐሳብ» በሚል ስያሜ አጣጣለው። ለዓመታት ሰማይን ሲመለከት የኖረ የሠለጠነ ዓይን ከትምህርት ቤት ልጅ ዓይን ጋር እንዴት ይነጻጸራል የሚል ነበር መከራከሪያው። ለፍርድ ያህል የግሪንዊቹ ሙከራ በማርስ ላይ ቦይ የለም ብሎ ለመደምደም አይበቃም ነበር። ያረጋገጠው መሥመር በሌለበት መሥመር ሊታይ መቻሉን ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። አንድ ሥዕል የታየውን ነገር ብቻ ሳይሆን ያየውን ሰውና የቆመበትን ቦታ ጭምር የሚያሳይ መሆኑን በማያሻማ ሁኔታ አስረድቷል።

ሙከራው የተካሄደበት ጊዜ በልጆች የሥዕል ትምህርት ታሪክ ውስጥም የመሸጋገሪያ ወቅት ነበር። በእንግሊዝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለወንዶች ልጆች ሥዕል የግዴታ ትምህርት የሆነው በ1890 ሲሆን፣ በዘመኑ የሰፈነው ሥልት ከተዘጋጀ ሥዕል መገልበጥ ነበር። ቀጥተኛ መሥመር፣ ጎባጣ መሥመር፣ ከዚያም ጌጥ ይከተላል፤ ዓላማውም ለኢንዱስትሪው የሚጠቅም ጠንቃቃ እጅ ማፍራት ነበር። በአንጻሩ በ1897 ፍራንዝ ቺዜክ የተባለው ሠዓሊ በቪየና ከተማ የልጆች የሥዕል ክፍል ከፍቶ፣ ልጆች የአዋቂን ሥዕል ከመገልበጥ ይልቅ የራሳቸውን እንዲያወጡ ይፈቅድ ጀመር። ከዚህ ወዲህ ባለው ዘመን የሥዕል መምህራን በሁለቱ መንገዶች መካከል ሲከራከሩ ኖረዋል። አንዱ ወገን ልጁ በትክክል ይገልብጥ ሲል፣ ሌላው ወገን ልጁ በነጻነት ይፍጠር ይላል። የግሪንዊች ወረቀቶች ግን ሦስተኛ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ልጁ የሚሥለው ከየት ሆኖ አይቶ ነው?

የማርስን ጉዳይ በተመለከተ መልሱ የመጣው በመቅረብ ነው። በቁስጥንጥንያ የተወለደው የግሪክ ተወላጅ ዩጂን አንቶኒያዲ በመስከረም ወር 1909 በፓሪስ አጠገብ፣ በሜዶን፣ በ83 ሳንቲ ሜትሩ መነጽር ማርስን ሲመለከት፣ አየሩ በረጋበት ሰዓት ቀጥተኞቹ ቦዮች ተበትነው ቁጥር ስፍር የሌላቸው የጥላ ቁርጥራጮች ሆነው ታዩት። አንቶኒያዲ እጅግ የተዋጣለት ሣይ ነበርና ያንን ውስብስብ ገጽ እንዳየው አሰፈረው። ከመካከለኛው ወንበር ተነሥቶ ወደ ፊተኛው ወንበር ተሻገረ ቢባል ያስኬዳል።

ከዚያም የሰው ልጅ መሣሪያውን ራሱን ወደ ማርስ ላከ። በኅዳር ወር 1964 የተተኮሰችው ማሪነር 4 የተባለች የአሜሪካ መንኲራኩር በሐምሌ 1965 በማርስ አጠገብ ስታልፍ 21 ሙሉ ሥዕሎችንና የአንድ ሥዕል ቁራጭ አነሣች። እያንዳንዱ ሥዕል 200 ረድፍ በ200 ነጥብ፣ በድምሩ 40,000 ነጥቦች ያሉት ሲሆን፣ የየነጥቡ ብርሃንና ጨለማ በቁጥር እየተመዘነ በሬዲዮ ይላክ ነበር። አንዱን ሥዕል ለመቀበል ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የምርምር ማዕከል የነበሩት መሐንዲሶች የመቅጃው መሣሪያ መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ቸኩለው ነበርና፣ ሪቻርድ ግረም የተባለው መሐንዲስና ባልደረቦቹ በጠባብ ወረቀት ላይ የታተሙትን ቁጥሮች በረድፍ በረድፍ ግድግዳ ላይ አያያዙ። ከሥዕል ዕቃ መሸጫ መደብር የተገዙ የፓስቴል ቀለሞችን አምጥተውም እያንዳንዱን ቁጥር በየቀለሙ ይቀቡ ጀመር። ለአንዱ ቁጥር ቡናማ፣ ለአንዱ ቀይ፣ ለአንዱ ቢጫ እየሰጡ፣ ልክ በመዋዕለ ሕፃናት ውስጥ እንደሚደረገው የቁጥር ማቅለሚያ ጨዋታ፣ የማርስን ጠርዝ በእጃቸው ቀለም አወጡት። ከመንኲራኩር የተላከው የመጀመሪያው የማርስ የቅርብ ሥዕል ለሰው ዓይን የተገለጠው በዚህ ዓይነት፣ በአዋቂዎች እጅ በተቀባ የልጆች ቀለም ነው። ሥዕሉም በመስተዋት ተከፍሎ እንደ ቅርስ ተጠብቋል።

ከዚያ ተከትለው የወጡት ሥዕሎች በጉድጓድ የተሞላች ደረቅ ምድር አሳዩ። በኅዳር ወር 1971 ማርስን መዞር የጀመረችው ማሪነር 9 ከሰባት ሺህ በላይ ሥዕሎችን ስትልክ፣ ታላላቅ እሳተ ገሞራዎችና ግዙፍ ሸለቆ ተገኙ። ከሎዌል የቦይ መረብ ጋር የሚገጥም ግን አልተገኘም። የትንንሽ ልጆች ንድፈ ሐሳብ ተብሎ የተናቀው ነገር በትልቁ ንድፈ ሐሳብ ላይ ረታ።

ታሪኩን ከሎዌል ጥፋት ጋር ብቻ መዝጋት ግን ሚዛን መጉደል ነው። ሎዌል በ1916 ከሞተ በኋላ ያ የፍላግስታፍ ጣቢያ ሥራውን አላቋረጠም። ክላይድ ቶምባው የሚባል የካንሳስ ገበሬ ልጅ የቤተሰቡ ሰብል በበረዶ ስለ ተመታበት ኮሌጅ ለመግባት አልቻለም ነበር። በገዛ እጁ በሠራው መነጽር ማርስንና ጁፒተርን እያየ ሣለና ሥዕሎቹን ወደ ጣቢያው ላከ። በጣቢያው ያሉት ሊቃውንት ሥዕሎቹን አይተው በ1929 ሥራ ሰጡት፤ በሚቀጥለውም ዓመት፣ በ1930፣ ፕሉቶን አገኘ። ለፕሉቶ ስም ያወጣችለት ደግሞ የ11 ዓመት እንግሊዛዊት ልጅ ናት። ፕሉቶ በ2006 ድንክ ፕላኔት ተብሎ ቢመደብም፣ አንድ ወጣት ያለ ዲፕሎማ፣ ባየው ልክ በሣለው ሥዕል ብቻ ወደ ሳይንስ በር መግባቱ አይሻርም።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ዛሬ በመዋዕለ ሕፃናትና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዞ ለሚቆም መምህር የሚናገረው ነገር አለ። ፕላኔቶችን ማሣል ለሕፃናት ከሚሰጡት ልምምዶች ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። የስኒ አፍ ወረቀት ላይ ደፍቶ ክብ ማውጣት፣ ለማርስ ቀይ፣ ለመሬት ሰማያዊ መቀባት፣ ለሳተርን ቀለበት ማጥለቅ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ መምህሩ ገና ከመጀመሪያው «ሳተርን ቀለበት አለው» ብሎ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሥሎ ያሳያል፤ ልጆቹም የመምህሩን ሥዕል ይገለብጣሉ። ሕፃኑ ያን ጊዜ የሚሥለው በዓይኑ ያየውን ሳይሆን በጆሮው የሰማውን ነው። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ቀለበቱን ሁለት ጆሮ አስመስሎ ቢሥለው ደግሞ «ተሳስተሃል» ተብሎ በቀይ እስክሪፕቶ ይሰረዝበታል። ታላቁ ጋሊሌዮ በ1610 ሳተርንን በትንሹ መነጽሩ ሲያይ በግራና በቀኙ ሁለት ትንንሽ አካላት የተለጠፉ መስሎት ሥሏል። ነገሩ ቀለበት መሆኑን ክርስቲያን ሃይገንስ አብራርቶ በመጽሐፍ ያወጣው በ1659 ነው። ሕፃኑ ጋሊሌዮ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ቀይ መሥመር ይሰመርበታል!

ከዚህ ይልቅ መምህሩ የፕላኔቷን ሥዕል ከፊት ሰቅሎ፣ ስሟን እንኳ ሳይናገር፣ ልጆቹ ከየተቀመጡበት የሚያዩትን እንዲሥሉ ቢያደርግ፣ ከዚያም የፊተኞቹን ወደ ኋላ፣ የኋለኞቹን ወደ ፊት አዘዋውሮ በሌላ ወረቀት ደግመው እንዲሥሉ ቢጋብዝ፣ በመጨረሻም ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ምን እንደ ተለወጠ ቢጠይቃቸው፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ከእርሳስ፣ ከወረቀትና ከአንድ ሥዕል በቀር ወጪ የለውም። ልጁ ስሕተቱን በመምህሩ አፍ ሳይሆን በገዛ እግሩ ተራምዶ ያገኘዋል። የጓደኛው ሥዕል ከእርሱ ሥዕል ቢለይም ጓደኛው ውሸታም እንዳልሆነ ይማራል። ሰው ሁሉ ከየወንበሩ በሚከራከርበት ዓለም ይህ ትምህርት ከሥዕል ክፍል የሚሻገር ነው።

የማየትና የማሰብ ድርሻም መለየት አለበት። በ2019 የዓለም አቀፉ የከዋክብት ምርምር ኅብረት አገሮች ለሩቅ ከዋክብትና ለፕላኔቶቻቸው ስም እንዲያወጡ ባደረገ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱም «አቦል» ተብሎ ተሰይሟል። አቦልን በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ መኖሩ የታወቀው እናት ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዛት ከብርሃኗ ላይ በተለካው ለውጥ ነው። ከጁፒተር በብዙ የሚከብድ እንደ ሆነ፣ ምሕዋሩም የተለጠጠ ሞላላ እንደ ሆነ ይታወቃል፤ መልኩ ግን አይታወቅም። ስለዚህ ሕፃኑ አቦልን ሲሥል የሚገለብጠው ምንም ነገር የለም። ቡናማ ቢያደርገው፣ እንፋሎት ቢያወጣለት፣ ሲኒም ቢያስመስለው ማንም ሊያርመው አይችልም። ከመምህሩ የሚጠበቀው ከሥዕሉ ግርጌ አንዲት ቃል ማስጻፍ ብቻ ነው፤ በማርስ ሥዕል ሥር «ያየሁት»፣ በአቦል ሥዕል ሥር «ያሰብሁት»። ሎዌል በዕድሜ ልኩ ሥራ ውስጥ ያልለያቸው ሁለት ቃላት እነዚህ ናቸው።

የግሪንዊቹ የመርከበኞች ትምህርት ቤት በ1933 ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውሮ ሕንጻዎቹ የባሕር ጉዞ ታሪክ ሙዚየም ሆነዋል። የነዚያ ልጆች ስም በማርስ ካርታ ላይ አልሰፈረም፤ ብዙዎቹም እንደ አባቶቻቸው ወደ ባሕር ሳይሄዱ አልቀሩም። አንድ ቀን ግን የምታዩትን ሣሉ ተብለው ሣሉ፤ ሊቃውንቱም ወረቀታቸውን ሰብስበው፣ ሳያርሙ አነበቡት።